«ማክሰኞ ቀኔ አይደለም» በሚል ፍርሃት ቀዶ ሕክምና ማራዘም

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት እናት ነኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ አለኝ። አባቴ ያረፈው ማክሰኞ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጽንስ የወረደብኝም ማክሰኞ ነው። አምና ደግሞ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሌባ ሱቄን ሰብሮ ገባ። ጉዳዬን ለአንድ ደብተራ ነገርኩት፤ ስሜንና የእናቴን ስም ቆጥሮ ‹ማክሰኞ ቀንሽ አይደለም› አለኝና ክታብ ሰጠኝ። አሁን ማክሰኞ ሱቅ አልከፍትም፣ ለማንም ገንዘብ አልከፍልም፣ ከከተማ አልወጣም። ሰኞ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮዬ ማክሰኞ እየሆነብኝ ሁለት ጊዜ አራዝሜዋለሁ፤ ሦስተኛውም ከአምስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ነው። ወንድሜ ‹ይሄ የፈረንጆቹ ዓርብ 13 ነው› እያለ ይስቅብኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጄም ማክሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀምራለች። ቀን እውነት ገደ ቢስ ይሆናል? ቀጠሮውንስ ላስቀይር?»

ምላሽ፦ ቀጠሮውን አያስቀይሩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ማሳመም የጀመረ የሐሞት ጠጠር በማንኛውም ቀን ሊባባስ ይችላል። ጠጠሩ የሐሞት ከረጢቱን መውጫ ከዘጋ ከረጢቱ ይቆጣል፤ ወርዶ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ከዘጋ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ቆሽትን ካስቆጣ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። በቀጠሮ ተረጋግቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ያን ጊዜ በጥድፊያ ከሚሠራው በጣም ይቀላል። እስከ ቀጠሮዎ ባለው ጊዜ በቀኝ ጎድንዎ ሥር ያለው ሕመም ከአምስት ስድስት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ቀኑ ማክሰኞ ቢሆንም።

ቀጠሮዎ ሦስት ጊዜ ማክሰኞ ላይ መውደቁ ራሱ አስፈርቶዎት ይሆናል። ምክንያቱ ግን የሆስፒታል አሠራር ነው። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን በሳምንት ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን የሚያገኝበት የታወቀ ቀን አለው። የእርስዎ ሐኪም ተራ ማክሰኞ ከሆነ አሥር ጊዜ ቢያራዝሙ አሥሩንም ጊዜ ማክሰኞ ይሰጥዎታል። ቀኑን ማስቀየር ማለት ጉዳይዎን የሚያውቀውን ቡድን ለቀው ሌላ ወረፋ መጨረሻ ላይ መቆም ነው።

ወደ ቆጠራው ልግባ። አባት ማጣት፣ ጽንስ መውረድ፣ መዘረፍ ከባድ ሐዘኖች ናቸው፤ እነሱን የማሳነስ ሐሳብ የለኝም። «ሦስቱም ማክሰኞ ስለሆኑ ማክሰኞ አለበት» የሚለው ድምዳሜ ግን ሲመረመር አይቆምም። አንድ ጎልማሳ ሰው አሥር ከባድ ነገር ደርሶበታል እንበል፤ የዘመድ ሞት፣ ሕመም፣ ኪሳራ፣ አደጋ። እነዚህ አሥሩ በሰባቱ ቀናት ላይ እንዲያው በዘፈቀደ ቢበተኑ፣ ቢያንስ በአንዱ ቀን ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ የመከማቸታቸው ዕድል 85 በመቶ ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ በሂሳብ ተሠልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ አሥር መከራ ካዩ መቶ ሰዎች ውስጥ 85 ያህሉ ቢፈልጉ «የእኔ ክፉ ቀን» የሚሉት ቀን አያጡም፤ አንዱ ማክሰኞን፣ ሌላው ቅዳሜን። አንድም ቀን ሳይደጋገምብዎት ቢቀር ነበር የሚገርመው። ሌሎቹ ክፉ ነገሮች፣ ማክሰኞ ስላልሆኑ ብቻ ከቆጠራው የወጡት፣ በምን በምን ቀን እንደደረሱ ተቀምጠው ያስታውሱ። ልጅዎ የተወለደችበትንም ቀን ይዩ።

ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ማክሰኞ መሆኑም ያጠራጥራል። ሌባው የገባው «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት» ላይ ነው። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይህ ረቡዕ ነው። ዕለቱን ከምሽት በሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ማክሰኞ ፀሐይ ስትጠልቅ ረቡዕ ገብቷል። ማክሰኞ የሚሆነው «ካልነጋ ቀኑ አልተለወጠም» ካልን ብቻ ነው። እስቲ ደግሞ ሌባው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ቢገባ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር ያስቡት፤ ያንንም ማክሰኞ ማለትዎ አይቀርም ነበር። እንግዲህ የእርስዎ ማክሰኞ ከሰኞ ምሽት እስከ ረቡዕ ንጋት የተለጠጠ የ36 ሰዓት ቀን ሆኗል ማለት ነው። መረቡ ሲሰፋ የሚገባው ዓሣ መብዛቱን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያለ ዓሣ አስጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ኮከብ ቆጠራው። የተለመደው አሠራር የስምንና የእናት ስምን ፊደላት ዋጋ ደምሮ በ12 መግደፍ፣ ማለትም ማካፈል፣ ቀሪውንም ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ከዋክብት ጋር ማዛመድ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ውጤቱ በአጻጻፍ ይለዋወጣል። ሰናይት የሚለው ስም በንጉሡ ሠ ሲጻፍና በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ድምሩ አንድ አይደለም። ኃይሉ በብዙኃኑ ኀ እና በሀሌታው ሀ ሲጻፍም እንደዚያው። የቀበሌው ጸሐፊ መታወቂያዎ ላይ የመረጠው ፊደል፣ እናትዎ የሚጠሩበት የቤት ስም፣ የክርስትና ስምዎ፣ ሁሉም የተለያየ ኮከብ ሊሰጡዎት ይችላሉ፤ እርስዎ ግን ያው አንድ ሰው ነዎት። ከሁሉ በላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ ደብተራው የቆጠረው ጉዳይዎን ከሰማ በኋላ ነው። ማክሰኞን የነገሩት እርስዎ ነዎት፤ እሱ መልሶ ሰጠዎት። ሌላ ቆጣሪ ጋ ሄደው ያመሳክሩ እያልኩ አይደለም፤ ያ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንድ አዲስ ክፉ ቀንም ሊጨምርልዎ ይችላል።

ወንድምዎ በግማሽ ልክ ነው። ፍርሃቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀኑ ግን በየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ የሚፈራው ዓርብ 13 ነው፤ በስፔኖችና በግሪኮች ዘንድ ማክሰኞ 13፤ በጣሊያኖች ዘንድ ዓርብ 17። ግሪኮች ማክሰኞን የሚጠሉት ቁስጥንጥንያ እ.ኤ.አ. በ1453 በማክሰኞ ዕለት በመውደቋ ነው ይባላል። ወደ እኛ ስንመጣ 13 ቁጥር የእግዚአብሔር አብ ወርኃዊ መታሰቢያ የሚውልበት ቀን ነው፤ ዓመታችንም 13 ወር አለው። እ.ኤ.አ. በ2026 ዓርብና 13 የሚገጥሙት በፌብሩዋሪ፣ በማርችና በኖቬምበር ነው፤ እነዚያው ቀናት በእኛ የካቲት 6 እና መጋቢት 4 ቀን 2018፣ እንዲሁም ኅዳር 4 ቀን 2019 ናቸው። አደጋ ሊጥል የተነሣ ቀን በየትኛው ካሌንደር እንደሚመራ መምረጥ ሊኖርበት ነው።

ለነገሩ ሐዋሳ ተቀምጦ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሲዳማ ባህላዊ አቆጣጠር ሳምንቱ አራት ቀን ብቻ ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ሰባቱና አራቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ አንድ ማክሰኞ ከዲኮ ጋር ከገጠመ ዳግም የሚገጥመው ከ28 ቀን በኋላ ነው፤ በመካከል ያሉት ሦስቱ ማክሰኞዎች ሌላ ሌላ ስም ይይዛሉ። ያው ፀሐይ፣ ያው ከተማ፣ ሁለት ዓይነት ሳምንት። አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው የዘመን መለወጫውን፣ የፍቼ ጨምበላላን፣ ቀን ሲወስኑ ሕዝብ የሚሰባሰብበትን ጊዜ ነው የሚወስኑት። ሰው ለሠርጉ፣ ለቤት ምርቃቱ ቀን ቢመርጥም ጉዳት የለውም። ቀን ፈርቶ ሱቅ መዝጋትና ሕክምና መተው ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ከእምነት አንጻርም መሠረት የለውም። ኦርቶዶክሳዊው ረቡዕንና ዓርብን የሚጾመው ስለ ምክረ አይሁድና ስለ ስቅለቱ እንጂ ቀኖቹ ገደ ቢስ ናቸው ብሎ አይደለም፤ ጥንቆላን ቤተ ክርስቲያን ታወግዛለች። በእስልምናም በገድ መመራት የተከለከለ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባትዎ ቢነግሩዎት ልብዎ ይረጋጋል፤ ከመጪው ማክሰኞ በፊት ያነጋግሯቸው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቀኑ ባዶ ከሆነ ፍርሃቱ ለምን አይለቅም? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ሙከራ ለተራቡ ስምንት ርግቦች ምንም ቢያደርጉ ባያደርጉ በተወሰነ ሰዓት ልዩነት ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። ስድስቱ ምግቡ በመጣበት ቅጽበት ያደርጉት የነበረውን እየደጋገሙ ያዙ፤ አንዷ በዙሪያዋ ትሽከረከራለች፣ ሌላዋ ጭንቅላቷን ወደ ሣጥኑ ማዕዘን ትወረውራለች። በአጋጣሚ የተከታተሉ ሁለት ነገሮችን ማያያዝ የፍጡር ሁሉ ጠባይ ነው፤ ሞኝነት አይደለም። ማያያዣው እንዳይፈታ የሚያደርገው መሸሽ ነው። ማክሰኞ ሱቁን ሲዘጉ በዚያው ሰዓት ቅልል ይልዎታል፤ ያ ቅለት ለመሸሹ የሚከፈል ደመወዝ ነውና በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል። ቀኑ በሰላም ሲያልፍ «ስላልወጣሁ ነው» ይላሉ፤ የሆነ ነገር ሲደርስ «ብዬ ነበር» ይላሉ። በዚህ ዓይነት ፍርድ ማክሰኞ ነፃ የሚወጣበት መንገድ የለም።

ከዚያም ፍርሃቱ ራሱ ማክሰኞን ማበላሸት ይጀምራል። ሰኞ ሌሊት ያልተኛ ሰው ማግስቱን ሂሳብ ይሳሳታል፣ ከባለቤቱ ይጋጫል፣ ደረጃ ላይ ይደናቀፋል። ሱቅዎ በሳምንት አንድ ቀን ሲዘጋ በዓመት 52 የሥራ ቀን ያልፋል፤ ማክሰኞ ሲሚንቶና ምስማር የሚፈልግ ግንበኛ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ይይዛል። እንግዲህ ማክሰኞ ለእርስዎ በእርግጥ ከሌሎቹ ቀናት የባሰ ሊሆን ይችላል። የሚያከፋው ግን ኮከብ ሳይሆን የሰኞ እንቅልፍ ማጣትና የተዘጋው በር ነው፤ ሁለቱም በእጅዎ ናቸው።

ሕክምናው የሚፈሩትን ነገር በመጠን በመጠን እየጨመሩ መጋፈጥ ነው። እንቅፋቱ ማክሰኞ በሳምንት አንዴ ብቻ መምጣቱ ነው፤ ልምምድ ደግሞ ሲቀራረብ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በሌሎቹ ቀናት በየዕለቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሐሳብ ይለማመዱ። የሚፈሩትን ማክሰኞ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርገው አንድ ገጽ ይጻፉ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የሱቁን ቁልፍ ይዣለሁ፤ ልቤ ይመታል፤ የሆነ ነገር ሊደርስ ነው።» በስልክዎ ቀድተው ደጋግመው ያዳምጡት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ግን ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይዘጋዋል። አይዝጉት። ማጽናኛ ከተጨመረበት አእምሮ የሚለማመደው ማጽናኛውን እንጂ ፍርሃቱን መሸከም አይደለም። መጀመሪያ ላይ ፍርሃትዎ ከ100 80 ቢሆን፣ ያንኑ ድምፅ በአምስተኛ ስድስተኛው ቀን ሲሰሙት መሰልቸት ይጀምራል፤ የሚፈለገውም መሰልቸቱ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አራት ማክሰኞ አለዎት። በመጀመሪያው ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሱቁን ይክፈቱ፤ ለመሸጥ ብቻ፣ ሌላ ነገር አይጨምሩ። በሁለተኛው ሙሉ ቀን ከፍተው ይዋሉና ለአንድ አከፋፋይ ገንዘብ ይክፈሉ፣ ደረሰኝም ይፈርሙ። በሦስተኛው በሚኒባስ ሻሸመኔ ደርሰው ይመለሱ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዕቃ ማዘዝን ምክንያት ማድረግ ይቻላል። በአራተኛው የሚታከሙበት ሆስፒታል ሄደው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ መተላለፊያ 45 ደቂቃ ይቀመጡ፤ የቅድመ ምርመራ ቀጠሮ ካለዎት ለዚያ ቀን ቢይዙት ጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት የሚፈሩትን ነገርና ይደርሳል ብለው የሚያምኑበትን መጠን ከመቶ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «እዘረፋለሁ፣ 70»። ማታ ከጎኑ የሆነውን ብቻ ይጻፉ።

ልምምዱን የሚያከሽፉ ነገሮች አሉ። ትልቁ ፍርሃቱ ጫፍ ሲደርስ አቋርጦ መውጣት ነው፤ ያ መሸሽን እንደገና ያስተምራል። ፍርሃቱ በግማሽ ያህል እስኪወርድ ወይም የያዙት ሰዓት እስኪሞላ ይቆዩ። ደረጃው ከከበደዎ ያሳጥሩት እንጂ ቀኑን አይዝለሉት። ሁለተኛው ሥውር መከላከያ ነው፦ ባለቤትዎ ጋ በየግማሽ ሰዓቱ መደወል፣ ዕቃ ሁሉ ላይ እጥፍ ቁልፍ ማድረግ፣ ለማክሰኞ ብቻ የተጨመረ ጸሎት፣ ክታቡን መነካካት። የዘወትር ጸሎትዎን አይተዉ፤ ለቀኑ እንደ ዋስትና የጨመሩትን ግን ይተዉት። ክታቡን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ማክሰኞዎች ሊይዙት ይችላሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ቤት ይቅር። ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ የአንገት ክርም ጌጥም ስለሚያስወልቁዎት፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያወልቁት አስቀድመው ቢለምዱት ይሻላል።

ልምምዱን የሚያከሽፈው ሦስተኛ ነገር በማክሰኞ ዕለት የሆነ ነገር መበላሸቱ ነው፤ መበላሸቱም አይቀርም። ሱቅ ውስጥ በየቀኑ መልስ ይሳሳታል፣ አምፖል ይሰበራል፣ ጭነት ይዘገያል። አስቀድመው ወሰን ካላበጁ እያንዳንዷ ጥቃቅን ነገር ማስረጃ ትሆናለች። «ከባድ የምለው ከአንድ ቀን ትርፌ በላይ ኪሳራ ወይም ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ጉዳት ነው፤ ከዚያ በታች ያለው የሱቅ ነገር ነው» ብለው ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

ሰኞ ማታን ለብቻው ይያዙት። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጡ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ሰኞን ይተዉት፤ የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፣ ያንን መንቀጥቀጥ ደግሞ አእምሮ «የማክሰኞ ምልክት» ብሎ ይተረጉመዋል። እንቅልፍ እንቢ ሲል አልጋ ላይ እየተገላበጡ አይጠብቁ፤ ተነሥተው ብርሃን ሳያበዙ አሰልቺ ነገር ይሥሩና ሲያንጎላጅዎ ይመለሱ። ዲያዜፓም ከፋርማሲ ገዝተው በልምምዱ ዕለት አይዋጡ። ያረጋጋል፤ ነገር ግን ቀኑ በሰላም ሲያልፍ ምስጋናውን ክኒኑ ይወስደዋል፣ መልመድ የሚያስከትል መድኃኒትም ነው።

አሁንም «እኔ ማክሰኞን አውቀዋለሁ» የሚል ነገር ከቀረብዎ አንድ መፈተኛ አለ፤ ከቀዶ ሕክምናው አገግመው ሰባቱንም ቀን መደበኛ ሥራ ሲጀምሩ የሚደረግ ነው። ለ28 ቀናት በየማታው የዕለቱን ዋና ዋና ነገር፣ ደጉንም ክፉውንም፣ በቁራጭ ወረቀት ይጻፉ፤ የቀኑን ስም አይጻፉ። ወረቀቱን ባለቤትዎ ከጀርባው የቀኑን ምልክት አድርገው ያስቀምጡት። በ28ኛው ቀን ማግስት 28ቱን ቀላቅለው የማክሰኞ የሚመስሉዎትን አራቱን ይምረጡ። ያለ ምንም ዕውቀት፣ በዕጣ ብቻ የሚመርጥ ሰው 52 በመቶ ጊዜ አንድም አያገኝም፤ 91 በመቶ ጊዜ ዜሮ ወይም አንድ ነው የሚያገኘው። ማክሰኞ እንዳሰቡት የተለየ ቀን ከሆነ ሦስቱን ወይም አራቱን ያለ ችግር መለየት ነበረብዎት። ፈተናውን አሁን ቢያደርጉት ግን አይሠራም፤ «ሱቅ ተዘግቶ ዋለ» የሚለው ወረቀት ቀኑን ያሳብቃል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድን፣ የጾም ምግብንና ይህን የመሳሰለ ቀን ጠቋሚ ነገርም አይጻፉ።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት የሚጠብቅዎትን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መፈተሻ 19 ነጥቦች አሉት፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ይነበባሉ። ስም፣ የሚሠራው ቦታ፣ አለርጂ፣ የመሣሪያና የፋሻ ቆጠራ። ሲገቡ ስምዎንና ምን እንደሚሠራልዎት ደጋግመው ቢጠይቁዎት ግራ ስለገባቸው አይደለም፤ ለዚህ ነው። ለሰመመን ሰጪው ፍርሃትዎን፣ የእንቅልፍዎን ሁኔታ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ጫት ከቃሙ እሱንም ሳይደብቁ ይንገሩ። ከምግብና ከመጠጥ የሚከለከሉበትን ሰዓት ሆስፒታሉ በነገረዎት መሠረት ይጠብቁ፤ ማለዳ ለበረከት የሚጠጡት ጸበልም እንደ ውሃ ስለሚቆጠር ሰዓቱን ጠይቀው ነው።

በትንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ የሚሠራልዎት ከሆነ ሆድ ውስጥ በገባው ጋዝ ምክንያት ትከሻዎን ለአንድ ሁለት ቀን ሊያምዎት ይችላል። ማቅለሽለሽና የቁስል ሕመምም የተለመደ ነው። እነዚህን አሁኑኑ «የሚጠበቅ» ብለው ይጻፏቸው፤ አለዚያ ማክሰኞ ማታ ትከሻዎ ሲያምዎ የቀኑ ሥራ ይመስልዎታል። የማይጠበቁት ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግልና የዓይን ቢጫ መሆን ናቸው፤ ለእነዚህ በፍጥነት ይመለሱ። ማክሰኞ ምንም አይደርስብዎትም የሚል ዋስትና አልሰጥም፤ ለሐሙስም አልሰጥም። ማንኛውም ቀዶ ሕክምና አደጋ አለው፤ የሚቀንሰው የሐኪሙ ልምድ፣ የመሣሪያው ንጽሕናና በጊዜ መምጣት ነው።

ብቻዎን የማይወጡት ከሆነ የሚታወቅበት ምልክት አለ። ፍርሃቱ ወደ ሌላ ቀን፣ ቁጥር ወይም ቀለም ከተዛመተ፤ የመከላከያ ሥርዓቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደብዎ፤ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ሥራና ምግብ ካስጠላዎ፣ መኖር ካስመረረዎ፣ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልግዎታል። ጽንስ ከወረደ በኋላ ያልታዘነ ሐዘን በእንዲህ ያለ ፍርሃት ልብስ ሊመጣ ይችላል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሐኪሙ ፍሎክሰቲን ወይም ሰርትራሊን የሚባሉትን የጭንቀትና የድባቴ መድኃኒቶች ካዘዘ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ እንጂ በቀናት አይመጣም፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው እንዳያቋርጡት።

ልጅዎን በተመለከተ፦ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ትሂድ። ስለ ቀን ረጅም ክርክር አይክፈቱባት፤ ልጅ የምትማረው ከክርክሩ ሳይሆን እርስዎ ጠዋት ከሚያደርጉት ነው። «እኔም እፈራ ነበር፣ አሁን እየተለማመድኩ ነው፤ ዛሬ ሱቅ እከፍታለሁ፣ አንቺም ትሄጃለሽ» ቢሏት ይበቃል። በር ላይ ስታለቅስ ተመልሰው አይውሰዷት፤ ለመምህሯ አስቀድመው ይንገሩና ትረከባት። ማክሰኞ ጠዋት ብቻ «ሆዴን አመመኝ» የምትል ከሆነ አንዴ ጤና ጣቢያ አሳይተው ምንም ካልተገኘ እያመማትም ቢሆን ትሂድ። ከሦስት አራት ማክሰኞ በኋላም እንቢታው ካልቀነሰ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይዘዋት ይሂዱ።